አዲስ ስም አሻፈረኝ ያለ ኮምፒውተር

ኮምቦልቻም ግቡ ወልዲያ፣ የትምህርት ቤት ላብ ውስጥ ያሉ ኮምፒውተሮች ስማቸው ዊንዶውስ ሲጫን በራሱ የሰጣቸው ነው። «ዴስክቶፕ» ብሎ ይጀምርና የፊደልና የቁጥር ዝብርቅርቅ ይከተላል። የትኛው የትኛው እንደሆነ በምን ይለያል? ስለዚህ ስታርት ላይ ቀኝ ክሊክ፣ ሲስተም፣ «ሪኔም ዚስ ፒሲ» ብለን እንገባለን፣ እሱ ደግሞ እምቢ ይላል። አብሽሩ፣ ፎርማት የሚያስደርግ ነገር የለውም። እምቢ ያለው የት ላይ እንደሆነ ብቻ ልብ በሉ።

ስሙን እየጻፋችሁ ካስቆማችሁ ችግሩ ያለው ስሙ ላይ ነው። የአማርኛ ኪቦርዱ በርቶ ከሆነ አጥፉት። በእንግሊዝኛ ፊደል፣ ቁጥርና ሰረዝ ብቻ ጻፉ። ስፔስ አይገባም፣ ነጥብም አይገባም፣ ቁጥር ብቻውንም ስም አይሆንም።

ብዙ ሰው የሚሸወደው ርዝመቱ ላይ ነው። ዊንዶውስ በኔትወርክ ላይ ኮምፒውተሩን የሚጠራበት የድሮው ስም፣ ኔትባዮስ የሚባለው፣ ከ15 ፊደል አያልፍም። «ኮምቦልቻ-ላብ-02» የሚለውን ውሰዱ። ኮምቦልቻ በእኛ ፊደል 5 ነው፣ በእንግሊዝኛ ሲጻፍ ግን 9። ላብ 3፣ ሁለት ሰረዝ፣ ሁለት ቁጥር፤ ድምሩ 16። አንዷ ትርፍ ናት። አንዳንዱ ዊንዶውስ ቁርጡን ይነግራችኋል፣ አንዳንዱ ደግሞ ይቀበልና መጨረሻዋን ፊደል ለኔትወርኩ ይቆርጣታል፣ ያኔ 01ም 02ም 03ም ሁሉም «ኮምቦልቻ-ላብ-0» ሆነው ቁጭ ይላሉ። ከዚያ «ይህ ስም ኔትወርኩ ላይ አለ» የሚል መልእክት ሲመጣ ቫይረስ ነው ብሎ መደናገጥ። ዜሮዋን አውጡና «ኮምቦልቻ-ላብ-2» በሉት፣ ልክ 15 ይሆናል።

ያው መልእክት ስሙ አጭር ሆኖም ከመጣ፣ ኮምፒውተሮቹ ከአንድ ኮፒ የተጫኑ ሊሆኑ ይችላሉ። ሲገለበጥ ስሙም አብሮ ይገለበጣላ! የኔትወርኩን ገመድ ንቀሉ፣ አንድ በአንድ ለየብቻ ስም ስጡ፣ ሪስታርት አድርጉ፣ ከዚያ ገመዱን መልሱ። መሥሪያ ቤቱ ዶሜይን፣ ማለትም ኮምፒውተሮቹን ሁሉ ከአንድ ቦታ የሚያስተዳድር ሥርዓት፣ ካለው ግን ይህን አትሞክሩ። እዚያ የሚቀይረው በዶሜይኑ ላይ ሥልጣን ያለው የአይቲ ሰው ነው፣ የድሮ ኮምፒውተር ስም ተመዝግቦ ቀርቶ ከሆነም የሚያጠፋው እሱ ነው።

የመቀየሪያው ቁልፍ ደብዝዞ አልጫን ካለ ብዙውን ጊዜ የገባችሁበት አካውንት አድሚን፣ ማለትም ኮምፒውተሩን የመቀየር ሥልጣን ያለው፣ ስላልሆነ ነው። በአድሚን ግቡ፣ አለቀ።

ከሁሉ የሚያናድደው ስሙን በደስታ ተቀብሎ፣ ሪስታርት ሲደረግ ወደ ድሮው የሚመለሰው ነው። ሰዓቱ ያለበት ጥግ ላይ የድብ ምልክት አለች? እንግዲያው ዲፕ ፍሪዝ ተጭኖበታል። ኢንተርኔት ቤቶች ይወዱታል፣ ምክንያቱም ደንበኛ ያበላሸውን ሁሉ በሪስታርት ያጠፋል፤ የእናንተንም አዲስ ስም እንደ ብልሽት ይቆጥረዋል። ሺፍትን ይዛችሁ ድቧን ሁለቴ ክሊክ አድርጉ፣ ፓስወርዱን ከባለቤቱ ጠይቁ፣ «ቡት ቶድ» የሚለውን መርጣችሁ ሪስታርት አድርጉ። ስሙን ቀይሩ፣ እንደገና ሪስታርት አድርጉና በሲኤምዲ፣ ትእዛዝ በሚጻፍበት ጥቁር መስኮት፣ «ሆስትኔም» ብላችሁ ጻፉ። አዲሱን ስም ካሳያችሁ ወደ «ቡት ፍሮዝን» መልሱት።

ድብ ከሌለች ደግሞ ሪስታርት ነው ወይስ ሻት ዳውን ያደረጋችሁት? በፈጣን ማስነሻ ምክንያት ሻት ዳውን ሙሉ በሙሉ አያጠፋም፣ ስለዚህ ሪስታርት የሚለውን ምረጡ። (መብራት ድርግም ብሎ ከመጣማ ያው ከዜሮ ነው የሚነሳው፣ ግን እሱን አትጠብቁ።)

ስሙ ከተቀየረ በኋላ ፕሪንተሩ ጠፋ የሚል ስልክ ይመጣል። ፕሪንተሩ ሼር የተደረገው ከዚህ ኮምፒውተር ከሆነ ሌሎቹ የሚፈልጉት በድሮው ስም ነው። ከእያንዳንዳቸው ላይ አጥፉትና በአዲሱ ስም መልሳችሁ ጫኑት።