የትንንሽ ውሾች ጥርስ፦ ቤት ውስጥ እንዴት እንደሚጠበቅና መቼ ወደ ሐኪም እንደሚኬድ

ለአካለ መጠን የደረሰ ውሻ 42 ጥርስ አለው፤ 20ው ከላይ፣ 22ቱ ከታች። 35 ኪሎ የሚመዝነው ጀርመን ሼፐርድም ሆነ ሦስት ኪሎ የማይሞላው ችዋዋ በዚህ ቁጥር እኩል ናቸው። የትንንሽ ውሾች የጥርስ ጣጣ አብዛኛው የሚመነጨው ከዚህ ሒሳብ ነው። ሰው እየመረጠ በማራባት የውሻውን ቁመት ሲያሳጥር የጥርሱን ቁጥር አላጎደለም፤ የጥርሱ መጠንም በመንጋጭላው ልክ አልቀነሰም። ስለዚህ በችዋዋ፣ በዮርክሻየር ቴሪየር፣ በማልቲዝ፣ በፖሜራኒያንና በቶይ ፑድል አፍ ውስጥ ጥርሶች ተጠባብቀው፣ አንዳንዴም ተጣመው ይበቅላሉ። አፍንጫቸው በተደፈጠጠው በፐግና በሺትዙ ላይ ደግሞ ቦታ ያጣው መንጋጋ ወደ ጎን ዞሮ እስከመብቀል ይደርሳል። በተጠባበቁት ጥርሶች መካከል ምግብና ፀጉር ይሰነቀራል፤ በሽታውም ከዚያ ይጀምራል።

ከምግብ በኋላ በሰዓታት ውስጥ ባክቴሪያ የሞላበት፣ በዓይን በቀላሉ የማይለይ ልስልስ ሽፋን ጥርሱን ይለብሰዋል፤ የጥርስ ሐኪሞች ፕላክ የሚሉት ይህንኑ ነው። ሳይነካ ከቆየ በምራቅ ውስጥ ያሉት ማዕድናት ያጠነክሩትና ከሁለት እስከ ሦስት ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ ታርታር ወደሚባለው ቢጫ ወይም ቡናማ ቅርፊት ይለወጣል። ልስልሱን ሽፋን ብሩሽ ያስለቅቀዋል፤ ቅርፊቱን ግን ብሩሽ አይበግረውም። ብዙ ባለቤቶች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው፤ የሚያስጨንቃቸው የሚታየው ቡናማ ቀለም ሲሆን ጉዳቱን የሚያደርሰው ግን ከድዱ ሥር ገብቶ የማይታየው ባክቴሪያ ነው። ድዱ መጀመሪያ ይቀላል፣ ያብጣል፣ ሲነካ ይደማል። እስከዚህ ድረስ ያለው በጽዳት ይመለሳል። ከዚያ አልፎ ጥርሱን የያዘውን አጥንት መብላት ከጀመረ ግን የጠፋው አጥንት ተመልሶ አይመጣም። ከሦስት ዓመት ዕድሜ በኋላ አብዛኞቹ ውሾች አንድ ዓይነት የድድ በሽታ ምልክት ይታይባቸዋል፤ በትንንሾቹ ላይ ደግሞ ቀደም ብሎ ይጀምራል፣ ፈጥኖም ይሄዳል።

በትንሽ ውሻ ላይ ይህ የአጥንት መበላት ከሌሎች ይልቅ አደገኛ የሚሆንበት ምክንያት መታወቅ አለበት። የታችኛው የመጀመሪያ ትልቅ መንጋጋ ሥር በትንንሽ ዘሮች ላይ እስከ መንጋጭላው አጥንት የታችኛው ጠርዝ ሊጠጋ ይችላል። በዙሪያው ያለው አጥንት ሲበላ የሚቀረው እንደ እንቁላል ቅርፊት የሳሳ በመሆኑ ከሶፋ ላይ በመዝለል ብቻ መንጋጭላ የተሰበረባቸው ውሾች አሉ። ከላይ ያለውን የክራንቻ ሥር ከአፍንጫው ክፍተት የሚለየው አጥንትም ቀጭን ነው፤ እሱ ከተበሳ ምግብና ውኃ ወደ አፍንጫ ይሾልካል፣ ውሻውም ሲበላና ሲጠጣ ያስነጥሰዋል፣ ከአንድ አፍንጫው ፈሳሽ ይወርዳል። በተለይ የዳክስሁንድ ባለቤቶች ለረጅም ጊዜ ያልለቀቀን ማስነጠስ ጉንፋን ነው ብለው ማለፍ የለባቸውም። ከዓይን ሥር ድንገት የሚወጣ እብጠትም እንዲሁ ያታልላል፤ ንብ የነደፈው ወይም ዓይኑን ያመመው ይመስላል፣ ብዙ ጊዜ ግን መግል የቋጠረው ሦስት ሥር ያለው የላይኛው ትልቅ መንጋጋ ነው።

ቡችላው ጥርስ ሲቀይር

ቡችላ 28 የወተት ጥርስ አለው። ከአራተኛው ወር ገደማ ጀምሮ መርገፍ ይጀምሩና እስከ ሰባተኛው ወር ድረስ በቋሚዎቹ ይተካሉ። በእነዚህ ወራት በሳምንት አንድ ቀን ከንፈሩን ከፍ አድርገው ይመልከቱ። መመሪያው አንድ ነው፦ በአንድ ቦታ ላይ ሁለት ተመሳሳይ ጥርሶች አብረው መቆም የለባቸውም። ትንንሽ ዘሮች ላይ የወተት ክራንቻው ሳይረግፍ ቋሚው አጠገቡ ብቅ ሲል ማየት የተለመደ ነው፤ ሁለቱ በተጣበቁበት መካከል ቆሻሻ ይታጨቃል፣ አዲሱም ቦታውን ይስታል። እንዲህ ያለ ነገር ካዩ ዕድሜው ሰባት ወር እስኪሞላ አይጠብቁ፤ ለሐኪሙ ያሳዩት። የወተት ክራንቻ ሥር ረጅምና ቀጭን ስለሆነ በቤት ውስጥ በክር ወይም በጉጠት መጎተት ሥሩን ውስጥ ይሰብረዋል። ቡችላውን ለማምከን ያቀዱ ከሆነ በዚያው ሰመመን ሁለቱንም ሥራ ማስጨረስ ይቻል እንደሆነ ይጠይቁ።

አፉን መመልከት

ለምርመራ አፉን መፈልቀቅ አያስፈልግም። ጥሩ ብርሃን ባለበት ቦታ ጉንጩን በአውራ ጣት ወደ ላይና ወደ ኋላ ሳብ ቢያደርጉ የሚፈለገው ሁሉ ይታያል። በመጀመሪያ የላይኞቹን ትልልቅ መንጋጋዎች ይመልከቱ፤ የምራቅ ቱቦዎች የሚከፈቱት በዚያ አካባቢ ስለሆነ ቅርፊቱ ቀድሞና ወፍሮ የሚከማቸው እዚያ ነው። ጤነኛ ድድ ሮዝ ነው፤ በተፈጥሮ ጥቁር ነጠብጣብ ያለበትም ጤነኛ ሊሆን ይችላል፤ ከጥርሱ ጋር በሚገናኝበት ጠርዝ ላይ ቀይ መስመር ከታየ ግን መቆጣት ጀምሯል ማለት ነው። ግራና ቀኙን ያወዳድሩ፤ በአንድ በኩል ብቻ ቅርፊቱ ከወፈረ ውሻው በዚያ በኩል ማኘክ ትቶ ሊሆን ይችላል። የአፍ ክርፋትም የውሻ ጠባይ ተደርጎ መታየት የለበትም፤ ጤነኛ አፍ ያለው ውሻ ጎረቤት እስኪሰማ አይከረፋም።

«ይበላል እኮ፣ ምን ሆነ?» የሚለው አባባል ብዙ ጥርስ አስወልቋል። ውሻ ሕመሙን ይደብቃል፤ ጥርሱ እየተነቃነቀም ምግቡን ሳያኝክ እየዋጠ ይቀጥላል። ይልቅስ ምግቡን አንስቶ መልሶ የሚጥል ከሆነ፣ አንገቱን ወደ አንድ ጎን አዘንብሎ የሚያኝክ ከሆነ፣ ፊቱን በእግሩ የሚያሽ ወይም ራሱን መነካት የሚሸሽ ከሆነ ትኩረት ይስጡት።

እዚህ ላይ በአገራችን የግድ መነገር ያለበት ነገር አለ። ለሃጩ የሚዝረበረብ፣ አፉን መግጠም ያቃተው፣ መዋጥ የተሳነው ወይም ጠባዩ ድንገት የተለወጠ ውሻ የጥርስ ሕመምተኛ ላይሆን ይችላል፤ የእብድ ውሻ በሽታም እንዲሁ ይጀምራልና። ክትባቱ ያልተሟላ ወይም ታሪኩ የማይታወቅ ውሻ እንዲህ ሆኖ ካገኙት እጅዎን ወደ አፉ አያስገቡ፤ ለይተው ይዝጉበትና ሐኪም ይጥሩ። ከነከሰዎት ወይም ለሃጩ የተላጠ ቆዳዎን ከነካ ቦታውን በሳሙናና በሚፈስ ውኃ ለ15 ደቂቃ አጥበው ወዲያውኑ ወደ ጤና ተቋም ይሂዱ።

መቦረሽ

ከሁሉም እንክብካቤ የሚበልጠው መቦረሽ ነው፤ ቢቻል በየቀኑ። ልስልሱ ሽፋን በሁለትና ሦስት ቀን ውስጥ እንደሚጠነክር ካስታወሱ በሳምንት አንድ ቀን መቦረሽ ለምን ከንቱ ድካም እንደሆነ ይገባዎታል። ፀጉሩ ለስላሳ የሆነ የሕፃን ብሩሽ ይበቃል፤ ጣት ላይ የሚጠለቀውም ለጀማሪ ይመቻል። የጥርስ ሳሙናው ግን ለውሻ የተሠራ መሆን አለበት። ውሻ መጉመጥመጥና መትፋት ስለማይችል የሰው ሳሙና ውስጥ ያለውን ፍሎራይድ ይውጠዋል፤ በአንዳንዶቹ ውስጥ የሚገባው ዛይሊቶል የተባለው ማጣፈጫ ደግሞ የውሻን የደም ስኳር በድንገት ይጥላል፣ ጉበቱንም ይጎዳል፣ ለሁለት ኪሎ ውሻ ጥቂቱም ብዙ ነው። የውሻ ሳሙና ካላገኙ ብሩሹን በንጹህ ውኃ ብቻ ማርጠብ ይበቃል፤ ዋናውን ሥራ የሚሠራው ፍትጊያው ነውና። ጨው፣ ሶዳና ሎሚ ይቅሩ። መፋቂያም ለእኛ የቆየ ባለውለታ ቢሆንም ለውሻ አይሆንም፤ ጫፉ ድድ ይወጋል፣ ውሻውም ቀምቶ ሊያኝከው ይሞክራል።

ልምዱ የሚገነባው ቀስ በቀስ ነው። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ከንፈሩን ማንሳትና ጥርሱን በጣት መንካት ብቻ ይበቃል፤ ጣትዎን ጨውና ሽንኩርት ባልገባበት የሥጋ መረቅ ቢያርሱት ራሱ ይመጣል። ሲለምድ ጣትዎ ላይ ጎዝ ጠቅልለው ይሹት፣ ከዚያ በኋላ ብሩሹን ያስገቡ። ሁለት ሦስት ሳምንት ቢፈጅ አያሳስብም፤ በግድ ተይዞ የተቦረሸ ውሻ ግን ብሩሹን ባየ ቁጥር አልጋ ሥር ይገባል።

ትንሽ ውሻ ጭን ላይ፣ ጀርባውን ወደ ሆድዎ አድርጎ ቢቀመጥ ይረጋጋል። ከፊት ለፊት ቆመው በላዩ ላይ አያጎንብሱ። በአንድ እጅ ጉንጩን አንስተው ብሩሹን ጥርስና ድድ በሚገናኙበት መስመር ላይ 45 ዲግሪ ያህል አጋድመው ያሳርፉና በትንንሹ እያዞሩ ይቦርሹ። ከላይኞቹ መንጋጋዎች ይጀምሩ፣ ወደ ክራንቻው ይምጡ፣ ቀጥሎ የታችኞቹን ያዳርሱ፤ የፊት ጥርሶቹ አካባቢ በቀላሉ ስለሚኮረኮር መጨረሻ ላይ ይሁን። ለአንድ ጎን ሠላሳ ሰከንድ በቂ ነው። የውስጠኛውን ገጽ ምላስ በመጠኑ ስለሚያጸዳው ለእሱ ብለው አፍ መክፈት የለብዎትም። እኔ የማታውን ሰዓት እመርጣለሁ፤ የመጨረሻው ምግብ ከብሩሹ በኋላ እንዳይሰጥ ማድረግ ያኔ ይቀላል።

በመጀመሪያዎቹ ቀናት ትንሽ ደም ብሩሹ ላይ ቢታይ የተቆጣ ድድ ምልክት ነው፤ በአንድ ሳምንት ገደማ ውስጥ ካልተሻለው ሐኪም ይየው። ጥርሱ የሚነቃነቅ፣ መግል የሚታይበት ወይም ሲነኩት የሚጮኽ ከሆነ ግን መቦረሽ አይጀምሩ፤ ቅድሚያ ሕክምናው ነው።

አጥንትና ማኘኪያ

ውሻና አጥንት በቋንቋችንም ሆነ በልማዳችን የማይነጣጠሉ ናቸውና ይህ ምክር ላይወደድ ይችላል፤ ቢሆንም ለፋሲካ የታረደው በግ አጥንት ለትንሹ ውሻ አይሰጥ። የተቀቀለ አጥንት ይሰነጠቅና ጉሮሮና አንጀት ይወጋል፤ ጥሬውም ቢሆን የላይኛውን ትልቅ መንጋጋ በጎኑ ገንጥሎ ሊጥል ይችላል። ቀንድና ሰኮናም እንዲሁ። መለኪያው ቀላል ነው፦ በጥፍርዎ ተጭነው ምልክት ካልወጣበት ለጥርሱ ጠንካራ ነው። ለጥርስ ተብለው የሚሸጡ ማኘኪያዎች ከመቦረሽ ጎን የሚረዱ እንጂ የሚተኩት አይደሉም፤ በውጭ አገር የሚኖሩ አንባቢዎች ማሸጊያው ላይ ቪኦኤችሲ የተባለውን የእንስሳት የአፍ ጤና ምክር ቤት ምልክት ቢፈልጉ የተፈተነውን ካልተፈተነው ይለያሉ። ተራ ደረቅ ምግብ ጥርስ ያጸዳል የሚለው ግን የተጋነነ ነው፤ የምግቡ ፍሬ ገና የጥርሱ ጫፍ ሲነካው ስለሚፈረካከስ ድዱ ጋ አይደርስም። የወጥ ፍትፍትም ጥርስ ላይ ከመለጠፉ በላይ በውስጡ ያለው ሽንኩርት የውሻን ቀይ የደም ሴሎች ይጎዳል።

ሐኪም ዘንድ

የጠነከረው ቅርፊት በቤት ውስጥ በብረት አይፋቅም። ሐኪሙ የሚያጸዳው ውሻው ሙሉ ሰመመን ውስጥ ሆኖ፣ ውኃና ፍርፋሪ ወደ ሳንባው እንዳይገባ በአየር ቧንቧው ውስጥ ቱቦ ተደርጎለት ነው። ያለ ሰመመን የሚደረገው ጽዳት የሚታየውን ክፍል ያነጣዋል፣ በሽታው ያለበትን ከድድ በታች ያለውን ግን አይነካውም፤ ባለቤቱም ጥርሱ ነጭ ሆነ ብሎ ይዘናጋል። የጥርሱ ከግማሽ በላይ የሚሆነው ክፍል በድድና በአጥንት የተሸፈነ ስለሆነ ራጅ ሳይነሳ የትኛው መነቀል እንዳለበት በእርግጠኝነት መናገር አስቸጋሪ ነው።

ስለዚህ ከቀጠሮው በፊት ይጠይቁ፦ የጥርስ ራጅ አላችሁ? የደምና የልብ ምርመራ ቀድሞ ይደረጋል? በሰመመኑ ወቅት የሚከታተለው ማን ነው? ሰውነቱንስ በምን ታሞቁታላችሁ? የመጨረሻው ጥያቄ ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን ትንሽ ውሻ ሙቀቱን ፈጥኖ ያጣል። የደም ስኳሩም ቶሎ ስለሚወርድ ምግብ ከስንት ሰዓት ጀምሮ እንደሚከለከል ከሐኪሙ ይስሙ እንጂ በራስዎ ግምት ሌሊቱን ሙሉ አያስርቡት። በኢትዮጵያ የጥርስ ራጅ በየክሊኒኩ ስለማይገኝ አስቀድሞ ደውሎ ማጣራት ይጠቅማል፤ ለከባድ ጉዳይ ቢሾፍቱ የሚገኘውን የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅም መጠየቅ ይቻላል። በአሜሪካ የሚኖሩ ደግሞ የዋጋ ግምቱን በጽሑፍ ይቀበሉ፣ ራጅና የጥርስ ነቀላ በውስጡ መካተታቸውንም ያረጋግጡ። በዚያ አገር ፌብሩዋሪ የቤት እንስሳት የጥርስ ጤና ወር ስለሆነ በርካታ ክሊኒኮች ቅናሽ ያደርጋሉ።

ከነቀላ በኋላ ሐኪሙ እስከሚፈቅድ፣ ብዙውን ጊዜ ሁለት ሳምንት ገደማ፣ ለስላሳ ምግብ ብቻ ይስጡት፤ ገመድ መጎተትና ማኘኪያ ይቁም። ፓራሲታሞል፣ አይቡፕሮፌንና ዳይክሎፌናክ ከቤትዎ መሳቢያ አውጥተው አይስጡት፤ ውሻን ይመርዛሉ፣ ለትንሽ ውሻ ደግሞ ጥቂቱም ብዙ ነው። ብዙ ጥርስ ይነቀላል ሲባል ባለቤቱን የሚያስደነግጠው «ታዲያ በምን ሊበላ ነው?» የሚለው ጥያቄ ነው። ውሻ ከሚያኝከው የሚውጠው ስለሚበዛ ጥርስ አልባው ድዱ ከዳነ በኋላ ለስላሳውን ያለ ችግር፣ አንዳንዱም የራሰውን ደረቅ ምግብ ጭምር ይበላል። ክራንቻዎቹ የተነቀሉበት ውሻ ላይ የሚታየው ለውጥ ምላሱ በጎን በኩል ወጣ ብሎ መቅረቱ ነው።