የአንድ ርዕስ የቴምብር ስብስብን በጨረታ ለመሸጥ

በአንድ ጠባብ ርዕስ ላይ ለዓመታት የተሰበሰቡ ብርቅዬ ቴምብሮች ለጨረታ ሲቀርቡ ዋጋውን የሚወስነው የተመልካቹ ብዛት አይደለም። ጉዳዩን ጠንቅቀው የሚያውቁና ላለመሸነፍ የቆረጡ ሁለት ተጫራቾች ከተገኙ ዋጋው ይወጣል፤ አንድ ብቻ ከተገኘ ግን እጅግ ብርቅ የሆነው ቴምብር እንኳ በመነሻ ዋጋው አካባቢ ሊቀር ይችላል። ስለዚህ የሻጩ ዝግጅት ሁሉ እነዚህን ሁለት ሰዎች ወደ ጨረታው ለማምጣት ያለመ መሆን ይኖርበታል።

የመጀመሪያው ጥንቃቄ ስብስቡን ለማሳመር አለመሞከር ነው። ቴምብርን ማጠብ፣ የታጠፈውን ማቃናት፣ ከጀርባው የለቀቀውን ሙጫ መተካት ወይም የጠርዙን ጥርሶች ማስተካከል በባለሙያ ዓይን ወዲያው የሚታወቅ ሲሆን ዋጋውንም ክፉኛ ይቀንሳል። በተለይ ከፖስታው ላይ ያልተላቀቀ ቴምብር እንደተለጠፈ መቆየት አለበት፤ ማኅተሙ ግማሹ በቴምብሩ፣ ግማሹ በወረቀቱ ላይ ማረፉ፣ ደብዳቤው የተጓዘበት መንገድና የተከፈለበት ታሪፍ ሁሉ አብረው የሚሸጡ ማስረጃዎች ናቸውና። የቀድሞ ባለቤቶች ምልክትም እንደ እድፍ ሊቆጠር አይገባም። በ1856 እ.ኤ.አ. በታተመው ባለ አንድ ሳንቲም የብሪቲሽ ጉያና ማጀንታ ቴምብር ጀርባ ላይ የታዋቂው ሰብሳቢ የፊሊፕ ፌራሪ ምልክት ይታያል፤ ቴምብሩ ያለፈባቸውን እጆች የሚናገረው ይህን የመሰለ አሻራ ነው። እንግዲህ በወረንጦ እየያዙ ፎቶ ማንሳት፣ መመዝገብ፣ የግዢ ደረሰኞችንና የቆዩ የጨረታ ካታሎጎችን ማሰባሰብ በቂ ነው።

ዋጋቸው ከፍ ያሉትን ቴምብሮች ትክክለኛነታቸውን ወደሚያረጋግጥ የባለሙያዎች ኮሚቴ መላክ ያስፈልጋል። ለንደን የሚገኘው ሮያል ፊላቴሊክ ሶሳይቲ እና የኒው ዮርኩ ፊላቴሊክ ፋውንዴሽን በዚህ ሥራ የታወቁ ሲሆኑ፣ የሚሰጡት የምስክር ወረቀት የቴምብሩን ፎቶግራፍና ስለ እውነተኛነቱ የደረሱበትን አስተያየት ይይዛል። በእጅ ያለው ምስክር ወረቀት እጅግ የቆየ ከሆነ ገዢው እንደገና ይመርመርልኝ ሊል ስለሚችል አስቀድሞ ማሳደሱ ይመረጣል።

አጫራች ድርጅት ሲመረጥ ከስሙ ትልቅነት ይልቅ በዚያው ርዕስ ላይ የሸጠው ታሪክ መመዘን አለበት። በጄኔቫ ዴቪድ ፌልድማን፣ በዙሪክ ኮሪንፊላ፣ በኒው ዮርክ ሮበርት ሲግል የታወቁ ናቸው፤ ነገር ግን የየትኛውም ቢሆን ያለፉ ካታሎጎችና የተሸጡበት ዋጋዎች ተገልጠው መታየት አለባቸው። የስታንሊ ጊበንስን የመሰሉ የዋጋ ካታሎጎች ለንጽጽር ይረዳሉ እንጂ በጨረታ የሚገኘውን ገንዘብ አይተነብዩም።

ብዙ ሻጮች የሚሳሳቱት ስብስቡ በሙሉ ይሸጥ ወይስ ይከፋፈል በሚለው ላይ ይመስለኛል። በ1840 እ.ኤ.አ. የወጣው ፔኒ ብላክ የተባለው የእንግሊዝ ቴምብር ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። አንዱ ሉህ 240 ቴምብሮች ነበሩት፤ በታችኛው ሁለት ማዕዘን የሚታዩት ፊደላትም እያንዳንዱ ቴምብር በሉሁ ላይ የነበረውን ቦታ ያመለክታሉ። አንድ ሰብሳቢ በእነዚህ ፊደላት እየተመራ የአንዱን ማተሚያ ፕሌት ሉህ ቴምብር በቴምብር መልሶ ከገነባ፣ መበተኑ የድካሙን ፍሬ ማጥፋት ነው። በአንጻሩ እርስ በርስ የማይደጋገፉና እያንዳንዳቸው የየራሳቸው ፈላጊ ያላቸው ብርቅዬዎች በተናጠል ሎት (ለብቻው በሚጫረቱበት ክፍል) ቢቀርቡ ብዙ ተጫራች ያገኛሉ። አብዛኛውን ጊዜ የሚበጀው መካከለኛው መንገድ ነው፤ ዋና ዋናዎቹ ለብቻ፣ የጥናት ክፍሎቹ እንደተደራጁ፣ ተራዎቹ በጅምላ ሆነው፣ ሁሉም በአንድ ካታሎግ በስብስቡ ስም ይወጣሉ።

ውሉ በጥሞና መነበብ አለበት። ለምሳሌ መዶሻው በ1,000 ዶላር ቢመታ፣ የሻጩ ኮሚሽን 15 በመቶ፣ ገዢው በላዩ የሚጨምረው ደግሞ 20 በመቶ ቢሆን፣ ገዢው 1,200 ከፍሎ ሻጩ እጅ የሚደርሰው 850 ብቻ ነው፤ የፎቶ፣ የኢንሹራንስና የምስክር ወረቀት ወጪ ከዚህ ላይ ይቀነስ እንደሆነም መጠየቅ ይገባል። ስብስቡ ትልቅ ከሆነ ኮሚሽኑ ላይ መደራደር የተለመደ ነው። ከዚህ በታች አይሸጥም የሚባለው ዝቅተኛ ዋጋም ከልክ በላይ ከፍ ካለ ተጫራቾችን ገና ሳይጀምሩ ያባርራል። የገበያ ዋጋ ሁልጊዜ ወደ ላይ አይሄድም፤ ያ የጉያና ቴምብር ራሱ በ2014 እ.ኤ.አ. ወደ 9.5 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ተሽጦ በ2021 እ.ኤ.አ. የወጣለት 8.3 ሚሊዮን ያህል ነበር።

ካታሎጉ ከመታተሙ በፊት የእያንዳንዱን ሎት መግለጫ ረቂቅ ጠይቆ የማንበብ የሻጩ መብት በውሉ ውስጥ እንዲካተት ያስፈልጋል፤ ስብስቡን ከሁሉ በላይ የሚያውቀው እሱ ነውና፣ የተዘለለ የማኅተም ዓይነት ወይም የተሳሳተ የፕሌት ቁጥር ቢኖር ሊያርም የሚችለው ያኔ ነው። ገንዘቡ የሚከፈልበት ቀን፣ ገዢው ለምርመራ ጊዜ ከጠየቀ ክፍያው ምን ያህል እንደሚዘገይ፣ ሳይሸጡ የቀሩ ሎቶችም በማን ወጪ እንደሚመለሱ ወይም ከጨረታው በኋላ ለሚመጣ ገዢ በምን ዋጋ እንደሚሰጡ በዚያው ውል ላይ በግልጽ መስፈር አለበት።