በደቡብ አፍሪካ ለቤት ጥበቃ የሚውል የተገደበ የጦር መሣሪያ ፈቃድ እንዴት እንደሚወጣና እንዴት እንደሚሠራበት

ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ራሱንና ቤተሰቡን ለመከላከል የጦር መሣሪያ መያዝ የሚፈልግ ሰው የሚተዳደረው በ2000 በወጣውና ከጁላይ 2004 ጀምሮ ሥራ ላይ በዋለው የጦር መሣሪያ ቁጥጥር ሕግ ቁጥር 60 ነው (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። የሕጉ አንቀጽ 13 አንድ ሽጉጥ ወይም አንድ በእጅ የሚጎርስ ሾትገን (በአንድ ተኩስ ብዙ ጥቃቅን እርሳሶችን የሚረጭ ጠመንጃ) ለመያዝ ይፈቅዳል። አንቀጽ 14 ደግሞ «የተገደበ» ስለሚባለው መሣሪያ የተደነገገ ሲሆን፣ በዋናነት የሚመለከተው ቃታው በተሳበ ቁጥር አንድ ጥይት ተኩሶ ቀጣዩን ራሱ የሚያጎርስ ከፊል አውቶማቲክ ጠመንጃ ወይም ሾትገን ነው። በአንቀጽ 14 የሚስተናገደው በአንቀጽ 13 የሚፈቀደው መሣሪያ ለጥበቃው እንደማይበቃው ማሳየት የቻለ አመልካች ብቻ ነው። በከተማ ቤት ለሚኖር ሰው ይህን ማሳየት እጅግ አዳጋች በመሆኑ፣ አብዛኛው አንባቢ ጥያቄውን በአንቀጽ 13 ቢጀምር ጊዜውንም ገንዘቡንም ያተርፋል።

ወጪ ከማውጣትዎ በፊት በቅድሚያ ሊጣራ የሚገባው የመኖሪያ ወረቀትዎ ነው። አመልካቹ 21 ዓመት የሞላውና የደቡብ አፍሪካ ዜጋ ወይም የቋሚ መኖሪያ ፈቃድ ያለው መሆን አለበት። ስለዚህ በጥገኝነት ጠያቂ ወይም በስደተኛ ፔፐር የሚኖር፣ እንዲሁም በሥራ ቪዛ የገባ ወገናችን፣ ሎኬሽን በሚባለው የጥቁሮች መኖሪያ ሰፈር ውስጥ ያለው ሱቁ በተደጋጋሚ ቢዘረፍም እንኳ በግሉ ማመልከት አይችልም። ለእንዲህ ያለው ሰው ሕጋዊው መንገድ በግል ጥበቃ ዘርፍ ተቆጣጣሪው ባለሥልጣን የተመዘገበ የጥበቃ ድርጅት መቅጠር ነው። ከመንገድ ላይ ሽጉጥ መግዛት እስከ 15 ዓመት እስራት ያስቀጣል። ፈቃድ ያለው ዘመድ መሣሪያውን «ለዛሬ ማታ ብቻ» ብሎ ለሱቅ ሠራተኛ ትቶለት መሄዱም ወንጀል ነው፤ ባለፈቃዱ ሌላ ሰው በመሣሪያው እንዲጠቀም መፍቀድ የሚችለው እዚያው ቆሞ በቅርብ እየተቆጣጠረ፣ ለሕጋዊ ዓላማ ሲሆን ብቻ ነው። በአንጻሩ በአንድ ቤት የሚኖሩ ባልና ሚስት በአንድ መሣሪያ ላይ ሁለቱም ፈቃድ እንዲኖራቸው ከፈለጉ አንቀጽ 12 ተጨማሪ ፈቃድ የሚጠየቅበትን መንገድ አመቻችቷል።

የወረቀቱ ጉዳይ ካለቀ በኋላ የሚከተለው ሥልጠና ነው። ዕውቅና ካለው ማሠልጠኛ ስለ ሕጉ በጽሑፍ፣ ስለ መሣሪያው አያያዝና አተኳኮስ ደግሞ በተግባር ይፈተናሉ። ሥልጠናው በመሣሪያ ዓይነት የተከፋፈለ በመሆኑ በሽጉጥ የተፈተነ ሰው በከፊል አውቶማቲክ ጠመንጃ እንደተፈተነ አይቆጠርለትም፤ ወደፊት አንቀጽ 14ን የሚያስብ ሁሉ ይህን ከወዲሁ ለማሠልጠኛው መንገር ይኖርበታል። የሥልጠና ወረቀትዎን ይዘው በመኖሪያዎ አካባቢ ወዳለው ፖሊስ ጣቢያ በመሄድ፣ የጦር መሣሪያ ጉዳይ ለሚመለከተው መኮንን ለብቃት ማረጋገጫ ያመለክታሉ። አሻራ ይሰጣሉ፤ የወንጀል መዝገብዎ፣ የአእምሮ ጤንነትዎና ከአልኮልና ከአደንዛዥ ዕፅ ጋር ያለዎት ግንኙነት ይጣራል። በቤት ውስጥ ጥቃት ምክንያት የመጨረሻ የጥበቃ ትእዛዝ የወጣበት ሰው መሣሪያ ለመያዝ ብቁ እንዳልሆነ ሊወሰንበት ይችላል። መልሱ ወራት ሊወስድ ስለሚችል በዚህ መሃል ከነጋዴ መሣሪያ ቢገዙም፣ የእያንዳንዱ መሣሪያ ፈቃድ ለብቻው ወጥቶ እስኪደርስዎ ድረስ መሣሪያው የሚቆየው ነጋዴው ዘንድ ነው።

የመሣሪያው ፈቃድ የሚጠየቀው ብቃቱ ከተረጋገጠ በኋላ በሌላ ማመልከቻ ሲሆን፣ ጉዳዩ የሚቃናውም የሚበላሸውም ከማመልከቻው ጋር በሚያያዘው የምክንያት ደብዳቤ ነው። «አገሩ አደገኛ ነው፣ ሌቦች በዝተዋል» የሚል ደብዳቤ ማንም ሊጽፈው ይችላልና የአመልካቹን ፍላጎት አያስረዳም። ጥሩ ደብዳቤ ቤቱ የት እንዳለ፣ ከፖሊስ ጣቢያው ምን ያህል እንደሚርቅ፣ አጥሩና ማንቂያ ደወሉ ምን እንደሚመስል፣ ባለቤቱ የት የት እንደሚያመሽና መቼ እንደሚመለስ ይዘረዝራል። ከዚህ ቀደም የደረሰውን ዝርፊያም በቀኑና በፖሊስ ኬዝ ቁጥሩ ይጠቅሳል። ኬዝ ሳያስከፍት «ምን ሊያደርጉልኝ» ብሎ የተወ ሰው ዋጋውን የሚያውቀው እዚህ ላይ ነው። ለአንቀጽ 14 ደግሞ አንድ ጥያቄ ይጨመራል፤ ይኸውም ሽጉጥ ወይም ተራ ሾትገን ለምን አይበቃም የሚለው ነው። «ጠመንጃ የበለጠ ኃይል አለው» ማለት መልስ አይሆንም። ለምሳሌ ከከተማ ርቆ በእርሻ ላይ የሚኖር ሰው ሰፊ ግቢ እንዳለው፣ ቀደም ሲል የመጡበት አጥቂዎች በቁጥር ብዙና ጠመንጃ የያዙ እንደነበሩ፣ ደርሶ የሚረዳው ኃይልም በሩቅ እንዳለ በማስረጃ ቢያስደግፍ ጥያቄው ክብደት ይኖረዋል። ማመልከቻው ውድቅ ከሆነ ማስታወቂያው ከደረሰዎት ቀን ጀምሮ በ90 ቀናት ውስጥ ለይግባኝ ቦርዱ ማመልከት ይቻላል።

መሣሪያው የሚቀመጥበት ካዝና ፈቃዱ ከመውጣቱ በፊት ተዘጋጅቶ ከግድግዳ ወይም ከወለል ጋር የታሰረ፣ ደረጃውን ያሟላ መሆን ይኖርበታል፤ ፖሊስ መጥቶ ሊያየው ይችላል። ሕጉ ቀላል ነው፦ መሣሪያው ወይ ከእርስዎ ጋር ወይም በቀጥታ ቁጥጥርዎ ሥር ነው፣ ያለበለዚያ ካዝና ውስጥ ተቆልፎበታል። ትራስ ሥር አድርጎ ወደ ሥራ መሄድ፣ ልብስ መደርደሪያ ላይ ደብቆ ልጆችን ማመን፣ ቁልፉን ቤተሰቡ ሁሉ በሚያውቀው ቦታ ማንጠልጠል ሁሉም ጥፋት ነው። ለአንድ መሣሪያ ከ200 ጥይት በላይ ማስቀመጥ አይፈቀድም። መሣሪያው ከጠፋ ወይም ከተሰረቀ ደግሞ ባለፈቃዱ ይህን ባወቀ በ24 ሰዓት ውስጥ ለፖሊስ ማሳወቅ ግዴታው ነው።

ፈቃዱ የመያዝ እንጂ የመተኮስ መብት አይደለም። ለመተኮስ ጥቃቱ ሕገወጥ፣ የተጀመረ ወይም ሊጀመር የተቃረበ መሆን አለበት፤ መከላከሉም አስፈላጊ፣ በአጥቂው ላይ ብቻ ያነጣጠረና ከአደጋው ጋር የተመጣጠነ ሊሆን ይገባል። ታዋቂው ደቡብ አፍሪካዊ ሯጭ ኦስካር ፒስቶሪየስ በፌብሩዋሪ 14 ቀን 2013 ፕሪቶሪያ በሚገኘው ቤቱ በተዘጋ የመጸዳጃ ክፍል በር አራት ጊዜ ተኩሶ የሴት ጓደኛውን ሲገድል፣ የገባ ሌባ መስሎኝ ነው ብሎ ተከራክሯል። የጠቅላይ ይግባኝ ፍርድ ቤቱ ግን በዲሴምበር 2015፣ ከበሩ ጀርባ ያለው ማንም ይሁን ማን በዚያች ጠባብ ክፍል ውስጥ ያለ ሰው እንደሚሞት ተገንዝቦ ተኩሷል በማለት በነፍስ ግድያ ጥፋተኛ አድርጎታል። ይህ ሰው መቼ መተኮስ እንደማይፈቀድ በጽሑፍ ተጠይቆ በትክክል መልሶ እንደነበር በችሎቱ ተመስክሯል። ስለዚህ በሌሊት ድምፅ ሲሰማ የሚቀድመው ሥራ ከቤተሰቡ ማን የት እንዳለ ማረጋገጥ፣ ሁሉንም አንድ ክፍል ሰብስቦ በሩን መቆለፍና ለፖሊስ በ10111 መደወል ነው። የማያዩትን ነገር አይተኩሱበት።

የሸሸ ሌባም እንዲሁ ነው። በምሥራቅ ኬፕ፣ በወቅቱ ሌዲ ፍሬር ትባል በነበረች ከተማ ዳቦ ቤት የነበራቸው አባትና ልጅ ሰብረው ገብተው በሚሸሹ ሌቦች ላይ ተኩሰው አንዱ ሞቶ ነበር። በዚሁ ጉዳይ መነሻነት የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤቱ በ2002፣ ተጠርጣሪን ለመያዝ ሲባል ገዳይ ኃይል መጠቀም የሚቻለው ሰውየው ራሱ ለሰው ሕይወት ወይም አካል አስጊ ሲሆን፣ ወይም ከባድ የአካል ጉዳት በማድረስ ወይም ለማድረስ በመዛት ወንጀል ሲጠረጠር ብቻ እንደሆነ ወስኗል። ቴሌቪዥን ወይም የዕለቱን ሽያጭ ይዞ የሚሮጥ ሰው ጀርባውን ከሰጠ ተኩሱ የመከላከል መሆኑ ያበቃል።

ከተኮሱ በኋላ ለፖሊስና ለአምቡላንስ ይደውሉ፤ ቀለህም ሆነ ሌላ ዕቃ ከወደቀበት አያንሱ። ፖሊስ መሣሪያውን ለምርመራ ይወስደዋል፤ ድርጊቱ ትክክል ቢሆንም እንኳ መዝገብ መከፈቱ የተለመደ ነው። ስምዎንና ጥቃት እንደደረሰብዎ ተናግረው ዝርዝሩን ጠበቃ ካማከሩ በኋላ ይስጡ፤ በተለይ እንግሊዝኛው የማይቀናዎት ከሆነ አስተርጓሚ ሳይኖር ቃልዎን አይፈርሙ።

የአንቀጽ 13 ፈቃድ የሚያገለግለው 5 ዓመት ሲሆን የአንቀጽ 14ቱ ግን 2 ዓመት ብቻ ነው። የእድሳት ማመልከቻው ፈቃዱ ከሚያበቃበት ቀን ቢያንስ 90 ቀን ቀድሞ መግባት ስላለበት፣ የተገደበ መሣሪያ ያለው ሰው ፈቃዱ ከእጁ ከገባ ከዓመት ከመንፈቅ ጥቂት አልፎ ወረቀቱን ማዘጋጀት ይጀምራል ማለት ነው። የምክንያት ደብዳቤውም እንደ አዲስ ይጻፋል፤ በሁለቱ ዓመታት ውስጥ ወደ ከተማ የተዛወረ ወይም እርሻውን የሸጠ ሰው የቀድሞውን ደብዳቤ ገልብጦ ማቅረብ አይችልም።