ለስፔን ጉዞ የሚበቃ ስፓንኛ በፊደላችን እንዴት ይለመዳል?

ወደ ማድሪድ ወይም ወደ ባርሴሎና ለአንድ ሁለት ሳምንት ለዕረፍት የሚሄድ ሰው ስፓንኛን አጥርቶ መቻል አይጠበቅበትም፤ ሃያ ያህል አባባሎችን በደንብ መጥራትና የሚሰጠውን መልስ መለየት ከቻለ ይበቃዋል። ለዚህ ደግሞ የአማርኛ አንባቢ ጥሩ መሣሪያ በእጁ አለ፤ እርሱም ፊደሉ ነው።

ከጉዞው ሦስት ሳምንት ያህል ቀደም ብለው ትንሽ ደብተር ይያዙና አባባሎቹን በላቲን ሳይሆን በፊደል ይጻፉ። የስፓንኛ አናባቢዎች አምስት ብቻ ሲሆኑ፣ ከእኛ ካዕብ፣ ሣልስ፣ ራብዕ፣ ኃምስና ሳብዕ ጋር ይቀራረባሉ። ላቲን የማይበቃባቸው ድምፆችም በእኛ ዘንድ የየራሳቸው ፊደል አላቸው፦ ውሃ «አጓ»፣ ነገ «ማኛና»፣ ዋጋው ስንት ነው «ኳንቶ ኴስታ»፣ ሒሳብ ያምጡልኝ «ላ ኴንታ፣ ፖር ፋቦር» ይባላሉ። መጸዳጃ ቤት ለመጠየቅማ «ዶንዴ ኤስታ ኤል ባኞ?» ማለት ነው፤ ባኞን ከጣልያንኛ ወስደን የራሳችን ካደረግነው ስለቆየ ይህን የሚረሳ ሰው ያለ አይመስለኝም።

ይሁን እንጂ ፊደሉ የሚያሳስትባቸው ቦታዎች አሉ። የመጀመሪያው ሳድስ ነው፤ «ግራሲያስ» (አመሰግናለሁ) ስንል «ግ»ን ከ«ራ» ነጥለን የመጥራት ልማድ ስላለን፣ ሁለቱን አያይዞ በአንድ ትንፋሽ ማውጣትን መለማመድ ያስፈልጋል። ሁለተኛው መጥበቅና መላላት ነው። «ፔሮ» ሲላላ «ነገር ግን» ማለት ሲሆን፣ «ሮ» ሲጠብቅ ውሻ ይሆናል፤ እኛም «አለ»ን አላልተን ለተናገረ፣ አጥብቀን ለሚኖር ስለምንጠቀም ነገሩ እንግዳ አይሆንብንም፤ በሚጠብቀው ፊደል አናት ላይ ነጥብ ማድረግ ይበቃል። በአብዛኛው ስፔን «ግራሲያስ» ውስጥ ያለው «ሲ» ምላስን በጥርሶች መካከል በማድረግ ይጠራል፤ በ«ስ» ቢጠሩትም ግን በላቲን አሜሪካ ሁሉም የሚለው እንዲሁ ስለሆነ ያለ ችግር ይግባባሉ። «ቭ» የሚባል ድምፅም የለም፤ በላቲን እንዲያ የተጻፈው ሁሉ «ብ» ይሆናል። በየመንገዱ ወንዱም ሴቱም «ባሌ፣ ባሌ» ሲሉ ቢሰሙ እንግዲህ ግራ አይጋቡ፤ ባል የጠፋባት የለችም፣ «እሺ» ማለታቸው ነው።

ቀጥሎ ሰላምታውን ይያዙ። «ቡዌኖስ ዲያስ» እንደምን አደሩ፣ «ቡዌናስ ታርዴስ» እንደምን ዋሉ፣ «ቡዌናስ ኖቼስ» እንደምን አመሹ ለማለት ያገለግላሉ፤ ልዩነቱ የጠዋቱ ሰላምታ እስከ ምሳ መዝለቁ ነው፣ የስፔን ምሳ ደግሞ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ገደማ ይበላል። ወደ ሱቅም ሆነ ወደ ካፌ ሲገቡ ሰላም ሳይሉ ጥያቄ መጀመር እንደ እኛው አገር ጥሩ አይደለም፤ «ኦላ» ብቻ ብትሆንም ትቅደም።

ለማዘዝ ሰው ሁሉ የሚያጠናው «ኪዬሮ» (እፈልጋለሁ) ትክክል ቢሆንም ጠንከር ይላል። የአገሩ ሰው ካፌ ቆሞ የሚለው «ሜ ፖኔ ኡን ካፌ?» ነው፤ «አንድ ቡና ያደርጉልኛል?» እንደማለት ይቆጠራል። ማኪያቶ የለመደ ሰው «ኮርታዶ» ቢያዝ የሚቀርብለት ጥቂት ወተት የገባበት ቡና ስለሆነ ብዙ አይርቅበትም።

ከሁሉ በላይ ጊዜ ሊሰጠው የሚገባው የምግብ አባባል ነው፤ በተለይ ለሚጾምና አሳማ ለማይበላ ሰው። «ኖ ኮሞ ካርኔ» ሥጋ አልበላም ማለት ነው፤ ነገር ግን «ካርኔ» ሲባል በጨው የደረቀውን የአሳማ ሥጋ፣ ማለትም «ኻሞን»ን፣ የማይቆጥር አስተናጋጅ ስለሚያጋጥም «ኒ ኻሞን» (ኻሞንም ጭምር) ብለው ይጨምሩበት። አሳማን ብቻ ለማስቀረት «ኖ ኮሞ ሴርዶ» ይበሉ። በጾም ወቅት «ሲን ካርኔ፣ ሲን ኡዌቦ፣ ሲን ሌቼ፣ ሲን ኬሶ» የሚለውን፣ ማለትም ያለ ሥጋ፣ ያለ ዕንቁላል፣ ያለ ወተት፣ ያለ አይብ፣ በአንድ ወረቀት ላይ በላቲን አስጽፎ መያዝም አይከፋም። የስፔን ቶርቲያ ከድንችና ከዕንቁላል የሚሠራ ስለሆነ ለጾም አይሆንም፤ በዳቦ ላይ ቲማቲምና የወይራ ዘይት የሚደረግበት «ፓን ኮን ቶማቴ» ግን ይሆናል።

ቁጥሮችን ከአንድ እስከ አሥር በቃልዎ ይያዙ፦ ኡኖ፣ ዶስ፣ ትሬስ፣ ኳትሮ፣ ሲንኮ፣ ሴይስ፣ ሲዬቴ፣ ኦቾ፣ ኑዌቤ፣ ዲዬስ። ስልሳ «ሴሴንታ»፣ ሰባ «ሴቴንታ» ስለሆኑ ዋጋ ሲነገር እነዚህን ሁለቱን ነቅተው ያዳምጡ። ከአገር ቤት በቀጥታ የሚሄድ ሰው ደግሞ ሰዓቱን መቀየር አይርሳ፤ ለእራት «አ ላስ ኑዌቤ» (በዘጠኝ) ተብሎ ቢቀጠር በእኛ ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ነው።

ልምምዱ ጥያቄውን ከመልሱ ጋር አጣምሮ መሆን አለበት፤ «ዶንዴ ኤስታ» ብሎ መጠየቅ ብቻውን «አ ላ ዴሬቻ» (በቀኝ)፣ «አ ላ ኢስኪዬርዳ» (በግራ) ወይም «ቶዶ ሬክቶ» (ቀጥታ) የሚለውን ለማይለይ ሰው አይጠቅምም። በስልክዎ የስፔናዊ ድምፅ እያዳመጡ ደብተርዎ ላይ የጻፉትን ያርሙ፤ ከጆሮዎ ጋር የማይስማማ ፊደል ካለ የሚለወጠው ፊደሉ ነው።

በደብተሩ መጨረሻ ገጽ «ኖ ኤንቲዬንዶ» (አልገባኝም)፣ «ማስ ዴስፓሲዮ፣ ፖር ፋቦር» (እባክዎ ቀስ ይበሉ)፣ «ሜ ዱዌሌ አኪ» (እዚህ ጋ ያመኛል) እና «አዩዳ» (እርዱኝ) ይጻፉ፤ ከሥራቸውም የአደጋ ጊዜ ስልክ ቁጥሩን፣ 112ን፣ ያስፍሩ።