ኮምፒውተሯ እምቢ ስትል፦ ችግርና መፍትሄ ከጅማ

ራሴ በገጣጠምኳት ትንሽ ኮምፒውተር ውስጥ፣ ዋጋ ለመቀነስ ስል የአድራሻ መለያውን ሥራ (አድራሻው የትኛውን ቺፕ እንደሚመለከት መለየትን) ለብዙ ትንንሽ ቺፖች ከማከፋፈል ይልቅ ለአንድ ጋል16ቪ8 ሰጠሁት። ይህ ባለ20 እግር ቺፕ የጻፉለትን ቀመር ይፈጽማል፤ ከአጠገቡ ዜድ80 ፕሮሰሰር፣ 32 ኪሎባይት ሮም (የሚነበብ ብቻ ማስታወሻ) እና 32 ኪሎባይት ራም (የሚነበብም የሚጻፍበትም ማስታወሻ) አሉ። ዜድ80ን ዚሎግ የተባለው ኩባንያ በ1976 እ.ኤ.አ. ያወጣው ስለሆነ ዛሬ በርካሽ የሚገኘው ያገለገለው ነው። እኔ ግን ጅማ ተቀምጬ አንዷን ቺፕ ለመተካት ከአዲስ አበባ የሚመጣ መንገደኛ መጠበቅ ስላለብኝ፣ ከመንቀሌ በፊት እንዲህ እፈትሻለሁ።

ምልክት፦ ምንም አይንቀሳቀስም።

መልቲሜትሩን (ቮልት መለኪያውን) ኃይል በሚሰጣት ቻርጀር ላይ ሳይሆን ቺፑ እግር ላይ ያሳርፉ። ከቻርጀሩ 5 ቮልት የወጣው በቀጭን ገመድ አልፎ ሲደርስ 4.6 ሊሆን ይችላል፤ ከ4.75 በታች መውረድ የለበትም። የድሮ ጋል ብቻውን 90 ሚሊአምፒየር ገደማ ስለሚወስድ ለብ ቢል አይደንግጡ። ጣት የሚያቃጥል ከሆነ ግን ተገልብጦ ተሰክቶ ይሆናል። ገመዱን ያሳጥሩ፤ በየቺፑ ጎን 0.1 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር ያኑሩ።

አሁንም ዝም ካለች ሮሙንና ራሙን ነቅለው ስምንቱን የዳታ መስመሮች በየራሳቸው ሬዚስተር ወደ መሬት (ወደ 0 ቮልት) ይሳቡ። ፕሮሰሰሩ ዜሮ ብቻ ያነባል፤ ዜሮ ለእርሱ «ምንም አትሥራ፣ እለፍ» ማለት ነው። አድራሻዎቹን ሁሉ ደጋግሞ ይቆጥራል፤ በ4 ሜጋኸርዝ አንዱ ዙር በሰከንድ 15 ጊዜ ያህል ይደገማል። በመጨረሻው የአድራሻ መስመር ላይ ያለች መብራት ከተርገበገበች ፕሮሰሰሩ በሕይወት አለ።

ምልክት፦ እጅ ሲጠጋት ትሠራለች፣ ሲርቅ ትቆማለች።

እኔ የጅማን ክረምት ወቀስኩ። ጥፋቱ የራሴ ነበር፤ የፕሮሰሰሩን የማስቆያና የማቋረጫ እግሮች ሳላገናኝ ትቻቸው ነበር። እያንዳንዱን በ10 ኪሎኦም ሬዚስተር ወደ 5 ቮልት ይሳቡ፤ የጋሉን ሥራ ፈት መግቢያዎች ደግሞ ወደ መሬት። (እርጥበት የሚያጠቁረው የቺፕ እግር ነው፤ እርሱን ላጲስ ያጠራዋል።)

ምልክት፦ ጽሑፍ አሳምራ ታወጣለች፣ ትልቅ ቁጥር ስትልክ ግን ታብዳለች።

ይህ ሁለት ሳምንት በላኝ። ራሙን ቀየርኩ፤ ያው ሆነ። ምስጢሩ ቀመሩ ውስጥ ነበር። ራሙ የሚመረጠው ከ32,768 ጀምሮ ባለው አድራሻ ነው ብዬ ጽፌ፣ የማስታወሻ ጥያቄ መስመሩን (ፕሮሰሰሩ ሮምን ወይም ራምን ሲፈልግ ዝቅ የሚያደርገውን) ረስቼዋለሁ። ዜድ80 ወደ ውጭ መሣሪያ ዳታ በሚያወጣበት በተለመደው ትእዛዝ፣ የሚላከው ባይት በላይኞቹ ስምንት የአድራሻ መስመሮች ላይም ይታያል። የላቲን ፊደል ኮድ ከ128 በታች ስለሆነ ራሙን አይነካም። ወደ መሣሪያ ቁጥር 1 200ን ስልክ ግን አድራሻው 51,201 (200 × 256 + 1) ይሆናል፤ የመጻፊያው መስመርም ስለሚነቃ ራሙ ለእርሱ የተላከ መስሎት ይቀበላል፤ በዚያ ቦታ የነበረውም ይጠፋል።

መፍትሄው አንድ ቃል መጨመር ነው፦ ራሙ ይመረጥ፣ የማስታወሻ ጥያቄው ዝቅ ባለ ጊዜ ብቻ። የመምረጫ እግሩ የሚነቃው ዝቅ ሲል ስለሆነ በቀመሩ ውስጥ ያለውን የአሉታ («አይደለም») ምልክትም ያረጋግጡ።

ምልክት፦ ቀመሩ ተጻፈ፣ ማረጋገጫው ግን ወደቀ።

የላቲስ ኩባንያ ጋልና የአትሜል ኩባንያ ኤቲኤፍ (ጋልን የሚተካ ቺፕ) እግሮቻቸው ቢመሳሰሉም ቀመር የሚጻፍባቸው መንገድ ይለያያል፤ ከመጻፊያ መሣሪያው የቺፕ ዝርዝር ትክክለኛውን ይምረጡ። የመቆለፊያውን ቢት ቀመሩ ተፈትኖ እስኪያልፍ አይንኩት፤ የተቆለፈ ቺፕ ውስጡን መልሶ አያስነብብም።