በፍሪቢኤስዲ ሰርቨር ላይ ሁለት ዲስኮችን በሚረር ማጣመር

ለገጣፎ በምትገኝ አንዲት ማተሚያ ቤት የማስተዳድረው፣ ፍሪቢኤስዲ በተባለው ኦፐሬቲንግ ሲስተም የሚሠራው ሰርቨር የተቀመጠው በመጋዘኑ ጥግ፣ ከወረቀት ጥቅሎች አጠገብ ነው። መብራት ሲጠፋ ጥበቃው ሄዶ ጄነሬተሩን እስኪያስነሳ ዩፒኤሱ ይሸከመዋል፤ አንዳንድ ቀን ግን ባትሪው ቀድሞ ያልቃል። እንዲህ ባለ ቦታ አንዱ ዲስክ ቢበላሽ ሌላው ሥራውን እንዲቀጥል፣ ሁለት ዲስኮች አንድ ዓይነት መረጃ እንዲይዙ ዜድኤፍኤስ በተባለው የፋይል ስርዓት ማጣመር ይገባል፤ ይህ ጥምር ሚረር ይባላል።

ዲስኮቹ መጠናቸው እኩል ይሁን፤ ካልሆነ ጥምሩ የሚይዘው የትንሹን ያህል ብቻ ነው። አብረው የተመረቱ ዲስኮች በተቀራረበ ጊዜ ሊበላሹ ስለሚችሉ ከሁለት ሱቅ መግዛት ይሻላል። ከመገጠማቸው በፊት የሲሪያል ቁጥራቸውን መጨረሻ በፕላስተር ላይ ጽፈው በሚታይ በኩል ይለጥፉ። ስርዓቱ ለዲስኮች የሚሰጠው ስም ኬብል ሲቀያየር ወይም አንዱ ዲስክ ሳይነሳ ሲቀር ሊለወጥ ይችላል። እኔ አንድ ጊዜ ይህንኑ ስም አምኜ የሞተው ዲስክ ተቀምጦ ጤነኛውን ነቅያለሁ፤ ማሽኑም ወዲያው ቆመ።

ቀጥሎ ጂፓርት በተባለው መሣሪያ በሁለቱም ዲስኮች ላይ አንድ ዓይነት ፓርቲሽን (የዲስክ ክፍፍል) ይሥሩ፤ ለማስነሻ ትንሽ ክፍል፣ ለስዋፕ (ራም ሲሞላ ለሚያግዘው ቦታ) የሚበቃ፣ የቀረው ለዜድኤፍኤስ ይሁን። ለዜድኤፍኤሱ ክፍል በፕላስተሩ ላይ የጻፉትን ቁጥር መለያ አድርገው ይስጡት። ከዲስኩ መጨረሻ 1 ጊጋባይት ያህል ባዶ ይተዉ፤ ወደፊት በምትኩ የሚገዛው ዲስክ በጥቂት ሴክተር (ዲስኩ የሚያነብበትና የሚጽፍበት ትንሹ ክፍል) እንኳ አነስ ካለ ዜድኤፍኤስ አይቀበለውምና። ብዙ ዲስኮች በውስጣቸው የ4096 ባይት ሴክተር እያላቸው 512 ነው ብለው ስለሚናገሩ፣ የሴክተሩን መጠን ለዜድኤፍኤስ የሚነግረውን፣ አሺፍት የሚባለውን ቅንብር 12 (2 በ12 ርቢ፣ ማለትም 4096) ማድረግዎን ያረጋግጡ፤ ጥምሩ ከተፈጠረ በኋላ ሊለወጥ አይችልም።

አሁን ጥምሩን ዚፑል በተባለው የዜድኤፍኤስ ትዕዛዝ ይፍጠሩ። እዚህ ላይ ከሁለቱ መለያዎች በፊት «ሚረር» የሚለው ቃል ከተረሳ ትዕዛዙ ያለ አንዳች ቅሬታ ይፈጸማል፤ ነገር ግን መረጃው በሁለቱ ዲስኮች ላይ ተከፋፍሎ ስለሚጻፍ አንዱ ሲሞት ሁሉም ይጠፋል። በአንድ ዲስክ ጀምረው ሁለተኛውን በኋላ የሚጨምሩ ከሆነም ትክክለኛው ትዕዛዝ «አታች» ነው፤ «አድ» ግን ያንኑ ክፍፍል ያስከትላል። ስለዚህ የዚፑልን «ስታተስ» አውጥተው ሁለቱ መለያዎች ከሚረር በታች ገባ ብለው መዘርዘራቸውን በዓይንዎ ይዩ።

ዜድኤፍኤስ የሚያባዛው የራሱን ክፍል ብቻ ስለሆነ የማስነሻውን ፕሮግራም በሁለቱም ዲስኮች ላይ ለየብቻ መጫን የእርስዎ ፈንታ ነው። ከዚያም የድርጅቱ መረጃ ከመግባቱ በፊት ማሽኑን አጥፍተው አንዱን ዲስክ ይንቀሉና ያስነሱት። ከተነሳ ዲስኩን ይመልሱ፤ እንደገና መመሳሰሉ መጠናቀቁን «ስታተስ» ሲነግርዎት ብቻ ሌላውን ነቅለው ይሞክሩ። ሳይጠብቁ ቢነቅሉ ብቸኛውን የተሟላ ቅጂ አወጡ ማለት ነው።

ብዙም የማይነበብ ፋይል ሳይታወቅ ሊበላሽ ስለሚችል በወር አንድ ጊዜ ያህል «ስክራብ» (በጥምሩ ያለውን መረጃ ሁሉ አንብቦ የሚመረምር የዚፑል ትዕዛዝ) ያስኪዱ፤ ከአንዱ ዲስክ የተበላሸው ከሌላው ይታረማል። በስህተት የተሰረዘ ፋይል ግን በዚያችው ቅጽበት ከሁለቱም ስለሚሰረዝ፣ ከግቢው ውጭ የሚቀመጥ ባክአፕ አሁንም ያስፈልጋል።

ዲስክ ሲበላሽ «ስታተስ» «ዲግሬድድ» (ጥምሩ ጎድሎ እየሠራ ነው) ይላል። መለያውን ከፕላስተሩ ጋር አመሳክረው ይንቀሉ፣ አዲሱን እንደ ፊተኛው ከፋፍለው በ«ሪፕሌስ» ይተኩት። ዜድኤፍኤስ የሚቀዳው የተያዘውን ቦታ ብቻ ስለሆነ ጥምሩ ብዙ ካልሞላ ቶሎ ያልቃል፤ በአዲሱ ዲስክ ላይ ማስነሻውን መጫን ግን አሁንም በእጅ የሚሠራ ነው።