ሁለት ሰው፣ አንድ ድንኳን፦ በበጋ ተራራ ላይ ለሚያድሩ ጥንዶች

ጥንዶች ለተራራ ሲሰናዱ ሸክም ለመቀነስ ብለው ሁሉንም ዕቃ «ለሁለት አንድ» ያደርጉታል። ድንኳን፣ ምድጃ፣ ድስትና የውሃ ማጣሪያ አንድ አንድ ይበቃል። የግንባር ባትሪ፣ ፊሽካ፣ የዝናብ ጃኬት፣ ሙቅ ልብስ፣ ውሃና የዕለቱ ስንቅ ግን በየጀርባችሁ ይሁን። ጉም ወርዶ ብትለያዩ አንዱ ባትሪ፣ ሌላው ጃኬት ይዞ መቅረቱ ለማንም አይጠቅምም። ካርታውንም ከመነሳታችሁ በፊት በሁለታችሁም ስልክ ላይ ጫኑት። ብርድ የስልክ ባትሪ ስለሚያዳክም ማታ ስልኩን ከመኝታ ከረጢታችሁ ውስጥ አስገቡት።

ሸክም እኩል መካፈል ፍትሐዊ ይመስላል እንጂ አይደለም። ከሰውነት ክብደት አንድ አምስተኛ ባይበልጥ ጥሩ ነው፤ 80 ኪሎ የሚመዝን ሰው እስከ 16፣ 55 ኪሎ የሚመዝን እስከ 11 ኪሎ ይያዝ። በግምት አትሂዱ፣ ቦርሳውን ሚዛን ላይ አውጡት። ከባዱ ዕቃ ከጀርባ ተጠግቶ በሁለቱ ትከሻዎች መካከል ይቀመጥ፤ የመኝታ ከረጢቱ ከታች ይግባ።

ከፊት የሚሄደው ዘገምተኛው ነው። ፈጣኑ ከቀደመ እየቆመ ይጠብቃል፣ ያርፋል፤ የደከመው ሲደርስበት ደግሞ ተነስቶ ይሄዳል። በዚህ ዓይነት ዕረፍት የሚያስፈልገው ሰው ሳያርፍ ይውላል። ብዙው የመንገድ ላይ ኩርፊያም የሚጀምረው እዚህ ነው።

የመንገዱን ጊዜ ለመገመት ስኮትላንዳዊው ተራራ ወጪ ዊልያም ኔይስሚዝ በ1892 እ.ኤ.አ. ያወጣው ስሌት አሁንም ይሠራል፦ ለ5 ኪሎ ሜትር 1 ሰዓት፣ በዚያ ላይ ለእያንዳንዱ 600 ሜትር ዳገት 1 ሰዓት። 900 ሜትር ከፍታ ያለው የ10 ኪሎ ሜትር መንገድ 3 ሰዓት ተኩል ይወስዳል ማለት ነው። ሸክምና ዕረፍት ሲታከል 5 ሰዓት ያዙለት።

በሙቀት ወራት ጠዋት ጥርት ብሎ የዋለ ሰማይ ከሰዓት በኋላ መብረቅ ሊያመጣ ይችላል፤ ፀሐይ ያሞቀችው አየር ተራራውን ታኮ ወደ ላይ እየወጣ ደመና ይሠራልና። ስለዚህ ጎህ ሲቀድ ተነሱ፣ ቀትር ሳይደርስ ከጫፍና ከሸንተረር ውረዱ። ብልጭታውን ካያችሁ እስከ ነጎድጓዱ ከ30 ሰከንድ በታች ከቆጠራችሁ መብረቁ 10 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ነው የራቀው፤ ቶሎ ወደ ዝቅታ ውረዱ፣ ከመጨረሻው ነጎድጓድ በኋላም 30 ደቂቃ ቆዩ። ገላጣ ላይ ከያዛችሁ መተቃቀፍ አይሆንም፤ ቢያንስ 15 ሜትር ተራራቁ፣ አንዱ ቢመታ ሌላው የሚረዳው እንዲሆን።

«የ2 ሰው» የተባለ ድንኳን የሚለካው ጎን ለጎን በተነጠፉ ሁለት ፍራሾች ነው፤ ለቦርሳ ቦታ የለውም። ክብደቱን ከቻላችሁት የ3 ሰው ይሻላል። የሁለት ሰው ትንፋሽ ሌሊት ግድግዳውን ያረጥበዋል፤ ብዙዎች ጠዋት ያንን አይተው ድንኳኑ ያፈሰሰ ይመስላቸዋል። መፍትሔው ቢበርድም የአየር መግቢያውን አለመዝጋት ነው። ከወንዝ ወይም ከሐይቅ 60 ሜትር ያህል ራቁ፤ ቀዝቃዛ አየር ስለሚተኛበት ከሸለቆው ወለል ጥቂት ከፍ በሉ። ምድጃ ድንኳን ውስጥ ፈጽሞ አይለኮስ፤ ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ ስለሌለው ሳይታወቅ ይገድላል።

በየ1,000 ሜትሩ ሙቀቱ በአማካይ 6.5 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይቀንሳል፤ ከታች 25 ቢሆን 2,000 ሜትር ከፍ ብሎ ወደ 12 ይወርዳል፣ ያውም በቀን። ሁለት ከረጢት በዚፕ አገጣጥሞ አብሮ መተኛት ደስ ቢልም አንዱ በተገላበጠ ቁጥር በአንገት በኩል ብርድ ይገባል። ለየብቻ ተኝቶ ወፈር ያለ ፍራሽ መያዝ ይሻላል፤ ሙቀት ይበልጥ የሚያመልጠው ወደ መሬት ነው፣ የተጨፈለቀ ከረጢትም ከሥር አይከላከልም።

ውሃ ከፈላ በኋላ 1 ደቂቃ፣ ከ2,000 ሜትር በላይ 3 ደቂቃ ይንተክተክ። 3,000 ሜትር ላይ ውሃ የሚፈላው በ90 ዲግሪ ገደማ ስለሆነ ጥራጥሬ አትያዙ፣ ጋዙ ያልቃል እንጂ አይበስልም። ከዚህ ከፍታ በላይ የመኝታችሁ ቦታ በአንድ ቀን ከ500 ሜትር በላይ አይጨምር። ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ የያዘው ሰው ካለ መውጣቱ ይቁም፤ ካልተሻለው ወይም ሲራመድ ከተንገዳገደ ሌሊትም ቢሆን አብራችሁ ውረዱ።

ተረከዝ መጋል ሲጀምር ውሃ እስኪቋጥር ሳትጠብቁ ቆማችሁ ፕላስተር ለጥፉ። ከቁልቁለት በፊት የጫማውን ክር ቁርጭምጭሚት ላይ አጥብቁ፤ ካልሆነ ጣቶች ወደፊት እየተገፉ ጥፍር ይጠቁራል።

አንዳችሁ ብትጎዱ በፊሽካ በደቂቃ 6 ጊዜ ንፉ፣ 1 ደቂቃ ዝም በሉ፣ ድገሙት፤ በደቂቃ 3 ጊዜ ከተመለሰላችሁ ተሰምታችኋል። ከመነሳታችሁ በፊትም መንገዳችሁንና የምትመለሱበትን ሰዓት ለሦስተኛ ሰው ጽፋችሁ ስጡ። ስትመለሱ መደወል አትርሱ፤ አለዚያ እናንተ ቤት ተኝታችሁ ፈላጊ ተራራ ይወጣል።